የባና ዋጋ ሲወጣ የፈታይዋ ድካም የት ገባ?

ጥያቄ፦ በመንዝ ባና (ከበግ ጸጉር የሚሠራ ብርድ ልብስ) እየሠራን ደብረ ብርሃን የምንሸጥ ጥቂት ቤተሰቦች የኅብረት ሥራ ማኅበር ልንመሠርት አስበናል። ዋጋ ስናወጣ የሸማኔው የእጅ ዋጋ ይቆጠራል፤ የበጉን ጸጉር አጥባና አባዝታ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ድካም ግን፣ ልጅ አዝላና አማት እያስታመመች ስለምትሠራው ይመስለኛል፣ እንደ ቤት ሥራ ይታለፋል። እንዴት እናስላው?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ከሽመናው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ፈትሉ ነው። ፈትሉን በሚዛን ተረክባችሁ ክፈሏት፤ ገንዘቡም በባሏ ሳይሆን በራሷ የቁጠባ ደብተር ይግባ።

መልስ 2፦ በሚዛን ብቻ ከተከፈለ ፈትሉ መወፈሩ አይቀርም፤ እናቴ ፈታይ ስለነበረች አውቀዋለሁ። ቅጥነቱና እኩልነቱም ይታይ።

መልስ 3፦ የማስታመሙ ነገር ተዘለለ። በእኛ ሰፈር ዕድሩ የሚደርሰው ሰው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይደለም። ለአጨዳ ደቦ እንደምንጠራ ሁሉ፣ አባላት በሳምንት አንድ ቀን ተራ ገብተው በሽተኛውን ቢጠብቁ፣ የተረኛዋም ቀን እንደ ሥራ ቀን ቢመዘገብ ይሻላል።

ጠያቂው፦ ወንዶቹም ተራ ይገባሉ ማለትዎ ነው?

መልስ 3፦ አዎን፣ ሸማኔውም ጭምር።