ትሮምሶ ላይ የሰሜን ብርሃንን ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ምን ላድርግ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ማርች መጀመሪያ ላይ ከባለቤቴ ጋር ለጥቂት ቀናት ወደ ኖርዌይ፣ ትሮምሶ እንሄዳለን። የሰሜን ብርሃንን (ኦሮራን፣ ማታ ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን) ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ አለኝ፣ ግን ማታ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እሱ የሚይዘው ስልኩን ብቻ ነው። የጫንኩት አፕ ብዙ ጊዜ «ኬፒ 2» ነው የሚለው፤ ዝቅተኛ ነው አሉኝ። ተስፋ አለን? ካሜራውንስ እንዴት ላስተካክለው?

መልስ

እህቴ፣ በኬፒ አትጨነቂ። ኬፒ የምድር መግነጢሳዊ መስክ ምን ያህል እንደተናወጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 9፤ በዋናነት የሚነግርሽ ብርሃኑ ወደ ደቡብ ምን ያህል ወርዶ እንደሚታይ ነው። ትሮምሶ 69 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ኬፒ 1 ወይም 2 ይበቃታል። ጉድ የሚሠራችሁ ደመና ነው። ብርሃኑ የሚፈጠረው 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሰማዩ ከተደፈነ የቱንም ያህል ቢደምቅ አታዩትም። ስለዚህ በየሰዓቱ የደመና ትንበያ እዩ። የባሕሩ ዳርቻ በደመና ሲደፈን ከባሕሩ ራቅ ብላችሁ ወደ ስኪቦትን መንደርና ወደ ፊንላንድ ድንበር ስትነዱ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ይከፈታል። ወሩን ግን ጥሩ መርጣችኋል።

ሌላ መልስ

ስለ ካሜራው እኔ ልበል። ከሁሉም በፊት ፎከስ! አውቶ ፎከስ በጨለማ ይቸገራል፣ ወደ ማንዋል ቀይሪው። ደማቅ ኮከብ ፈልጊና ስክሪኑ ላይ አጉይው። ኮከቡ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል የሌንሱን ቀለበት ቀስ እያልሽ አዙሪ። ከዚያ በፕላስተር ያዢው፣ ጓንትሽ ሲነካው ይዞራልና።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) የግድ ነው። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ሌንስሽ እስከፈቀደው ክፈቺው፤ f/2.8 ካለሽ በጣም ጥሩ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 1600 ላይ ጀምሪ። ብርሃኑ ረጋ ብሎ ከተዘረጋ ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 10 ሰከንድ አካባቢ አድርጊው። መወዛወዝ ሲጀምር ግን ወደ 2 ወይም 3 ሰከንድ አውርጂው፣ አይኤስኦውን ወደ 3200 ከፍ አድርጊ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፦ ሹተሩ ከረዘመ ያ ሁሉ የሚያምር እጥፋት ተደበላልቆ አረንጓዴ ጭጋግ ብቻ ይቀራል።

በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው የፎቶ ፋይል) አንሺ። ሌንሱ ላይ ፊልተር ካለ አውልቂው፣ ፎቶው መሃል ላይ ቀለበት ቀለበት የሆነ ምልክት ሊያመጣ ይችላል።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ስልኩስ ዋጋ የለውም ማለት ነው?

መልስ

ኧረ አለው። ናይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ፍላሹን አጥፉ፣ እንዳይነቃነቅ አንድ ነገር ላይ አስደግፉት። ጣት ሲነካው እንዳይንቀጠቀጥ የ3 ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ሌላም ጥቅም አለው። ዓይናችን በጨለማ ቀለም በደንብ አይለይም፤ ደካማ ብርሃን ነጣ ያለ ደመና ይመስላል። ስትጠራጠሩ ወደዚያው አቅጣጫ በስልኩ አንሱ። አረንጓዴ ከወጣ፣ እሱ ነው፤ ቦታችሁን አትልቀቁ።

ሌላ መልስ

ብርዱን አትርሱ። ትርፍ ባትሪ በውስጥ ኪሳችሁ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙ፤ በብርድ ቶሎ ያልቃል። ሌንሱ አጠገብ አትተንፍሱ፣ ትንፋሽ ወዲያው መስታወቱ ላይ ይጋገራል። ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ካሜራውን እዚያው ውጭ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጉት፤ ጤዛው ከረጢቱ ላይ ይቀራል። ፎቶዎቹን ለማየት ስለምትቸኩሉ ሚሞሪ ካርዱን ከማሸጋችሁ በፊት አውጡት። ከረጢቱ የሚከፈተው ካሜራው ከሞቀ በኋላ ነው።