አክታ የሚያቀጥን መድኃኒትና ሳል የሚገታ ሽሮፕ አብረው ይሰጣሉ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ አክታ ያለው ሳል ከያዛት 9 ቀን ሆኗታል። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ኩርር ይላል፤ አክታው ወፍራምና ቢጫ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለማውጣት ትቸገራለች። ትኩሳት የላትም። በእጃችን ያለው ይህ ነው፦ ብሮምሄክሲን ሽሮፕ (በ5 ሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም ይላል)፣ እህቴ ከጀርመን የላከችው ውኃ ውስጥ የሚሟሟ ባለ 600 ሚሊ ግራም አሴቲልሲስቴይን፣ ማታ እንቅልፍ እንዲወስዳት የተገዛ ዴክስትሮሜቶርፋን ሽሮፕ፣ እና ካለፈው የተረፈ 6 ፍሬ አሞክሲሲሊን።

ጨጓራ አለባት፤ ለደም ግፊት ደግሞ ኤናላፕሪል ትወስዳለች። አሁን እየጾመች ስለሆነ እስከ 9 ሰዓት እህልም ውኃም አትቀምስም። ሦስቱን አብሬ ልስጣት? በስንት ማንኪያ? አሞክሲሲሊኑንስ ልጨምርበት? የ1 ዓመት ከ6 ወር የወንድሜ ልጅም ያስለዋል፤ ከሽሮፑ ጥቂት ብሰጠው ችግር አለው?

ምላሽ 1 (ፋርማሲስት)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የማታውን ዴክስትሮሜቶርፋን አንሺው። ብሮምሄክሲንና አሴቲልሲስቴይን አክታውን ያቀጥናሉ እንጂ አያወጡትም፤ የሚያወጣው ሳሉ ነው። ዴክስትሮሜቶርፋን ደግሞ አንጎል ላይ ሠርቶ ሳሉን ያፍናል። አብረው ሲወሰዱ አክታው ይቀጥናል፣ ይበዛል፣ መውጫ ያጣና ሌሊቱን ሙሉ ሳንባ ውስጥ ይተኛል። ኮዴይን ያለበት ሽሮፕም ያው ነው። ጓይፈነሲን (ይህም አክታ የሚያቀጥን ነው) እና ዴክስትሮሜቶርፋን በአንድ ጠርሙስ የተቀላቀሉባቸው ሽሮፖችም ስላሉ፣ ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን "ለሳል" የሚል ሳይሆን ከጀርባ በደቃቁ የተጻፈውን ይዘት አንብቢ። ተርቡታሊን ወይም ሳልቡታሞል የተጨመረበትም ብሮምሄክሲን አለ፤ እሱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ግፊት ላለባቸው ሰው ሐኪም ካላዘዘው አይሰጥም።

ከሁለቱ አቅጣኞች አንዱን ብቻ ምረጪ። ሁለቱን መደረብ ሳሉን ቶሎ አያድነውም፤ በጨጓራ ላይ ያለውን ጫና ግን ይጨምራል። ጨጓራ ራሱን ከአሲድ የሚከላከለው በወፍራም ዝልግልግ ሽፋን ነው፤ አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት ያንንም ሊያሳሳው ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከምግብ በኋላ ይወሰድ። እናትሽ ሰሞኑን ጥቁር ሰገራ ካዩ፣ ደም ካስመለሳቸው፣ ወይም ጨጓራቸው ቆስሏል ተብለው ሕክምና ላይ ከሆኑ ግን ሐኪም ሳያያቸው አይጀምሩ። ካርቦሲስቴይን የሚባለው ሌላው አቅጣኝ ደግሞ የቆሰለ ጨጓራ ላለበት ሰው ጨርሶ የተከለከለ ነው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ብሮምሄክሲን ለአዋቂ 8 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ነው። ባንቺ ጠርሙስ ይህ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በማንኪያ አትለኪ፤ የሻይ ማንኪያ የምንለው ከቤት ቤት ይለያያል፣ የሾርባ ማንኪያ ደግሞ ሦስት እጥፍ ነው። ከጠርሙሱ ጋር የመጣውን መለኪያ ክዳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ ዓይንሽን ከመስመሩ ጋር አስተካክይና ቅጂ። በእጅ ይዞ ከላይ ወደ ታች እያዩ መቅዳት ልኩን ያዛባል። ክዳኑ ከጠፋ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሲሪንጅ ይበቃል።

አሴቲልሲስቴይኑ ባለ 600 ስለሆነ በቀን 1 ፍሬ ብቻ ነው። በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟ፣ አረፋው ጸጥ እንዳለ ይጠጣ፤ ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ብርጭቆ አይቀላቀል። ቱቦው ሲከፈት የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይኖረዋል፤ ሽታው ከውስጡ ካለው ድኝ የመጣ ነው እንጂ ተበላሽቶ አይደለም። የሚሟሟው ዓይነት ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ስላለበት ግፊት ላለበት ሰው ለረጅም ጊዜ የሚመረጥ አይደለም። ለልብ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከሱ ጋር ከወሰደው ግፊቱ በጣም ሊወርድ ይችላል። አስም ካለ የሳንባ ቱቦዎችን ሊያጠብ ስለሚችል ሳይጠይቁ መጀመር አይገባም።

ጾሙን በተመለከተ የእኔ ምክር ሕመሙ እስኪያልፍ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ቢያቆዩት ነው፤ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። አክታ የሚቀጥነው በመድኃኒቱ ብቻ ስላልሆነ ቀኑን ሙሉ ውኃ የማይጠጣ ሰው አክታው ይደርቅበታል። ጾሙን ካቆዩት ብሮምሄክሲኑን ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ይውሰዱ። እሺ ካላሉ ግን ሦስቱን መጠን ከ9 ሰዓት በኋላ ማጨናነቅ ስህተት ነው፤ በዚያ ጊዜ የቀን አንዴው አሴቲልሲስቴይን ይሻላል፣ 9 ሰዓት ላይ እንደበሉ። ሶዲየሙ ለጥቂት ቀን የተስተካከለ ግፊት ላላቸው ሰው ከባድ አይደለም፤ ግፊቱ ካልተስተካከለ ግን ይህን ምርጫ ተይው። የትኛውም ቢሆን የመጨረሻው መጠን ከመኝታ 2 እና 3 ሰዓት ቀደም ይበል፤ የቀጠነው አክታ ሳይተኙ ይውጣ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አክታው ቢበዛ አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩ ነው። በ5 ቀን ለውጥ ከሌለ ግን ጠርሙስ መቀያየር ሳይሆን ሐኪም ማየት ነው የሚያስፈልገው። ቆዳ ላይ ሽፍታ ወጥቶ አፍ ወይም ዓይን ከቆሰለ በዚያው ሰዓት መድኃኒቱ ቁሞ ሆስፒታል ይኬዳል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህ ማስጠንቀቂያ በብሮምሄክሲንና በቅርብ ዘመዱ በአምብሮክሶል መመሪያ ላይ እንዲጻፍ ያደረገው አልፎ አልፎም ቢሆን ስለሚከሰት ነው።

አሞክሲሲሊኑን ተይው። 6 ፍሬ የ2 ቀን ነው፤ ምንም ሳያክም ባክቴሪያውን ያላምደዋል። የአክታ ቢጫ መሆን ብቻውን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ በቫይረስ የመጣ ሳልም አክታን ቢጫና አረንጓዴ ያደርጋል። ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘ ከአሴቲልሲስቴይኑ 2 ሰዓት ይራራቅ።

ስለ ኤናላፕሪሉ አንድ ነገር ልጨምር። ጉሮሮ እየኮረኮረ የሚመጣ ደረቅ ሳል ያስከትላል። የእናትሽ አክታ ያለው ስለሆነ ይህ አይመስልም፤ ነገር ግን አክታው አልቆ ደረቁ ሳል ከቀረ ሽሮፕ ከመግዛት ግፊቱን የሚከታተለውን ሐኪም መጠየቅ ነው። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቆሙት።

ምላሽ 2 (የሕፃናት ክፍል ነርስ)

ለሕፃኑ ከየትኛውም ጠርሙስ ጠብታ እንኳ አትስጪው። ከ2 ዓመት በታች አቅጣኝ መድኃኒት አይሰጥም። የሕፃን የሳንባ ቱቦ ጠባብ ነው፣ የሳሉም ጉልበት ደካማ ነው፤ አክታው ቀጥኖ ሲበዛ ማውጣት ያቅተውና መተንፈሻውን ይዘጋዋል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2010 ለዚህ ዕድሜ የከለከለችው ከተጠቀሙት ሕፃናት አንዳንዶቹ ብሶባቸው ስለተገኙ ነው። ለልጅ ከማይታወቅ ቦታ ሽሮፕ መግዛትም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ዳይኤቲሊን ግላይኮል በሚባል መርዝ ከተበከሉ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ጋር በተያያዘ ከ60 በላይ ሕፃናት ኩላሊታቸው ተጎድቶ ሞተዋል።

ቶሎ ቶሎ በትንሹ ይጠጣ፤ አፍንጫው በጨው ውኃ ጠብታ ከምግብ በፊት ይጸዳ፤ ማታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማር ይሰጠው። 1 ዓመት ስላለፈው ማሩ ይፈቀዳል፤ ከ1 ዓመት በታች ግን ፈጽሞ አይሰጥም። ሜንቶልና ካምፎር ያለበት ቅባት አትቀቡት፤ ዳማከሴ ጨምቃችሁም አፍንጫው ውስጥ አታንጠባጥቡ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ተረጋግቶ ወይም ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱና ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። በ15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አይሆንም፤ ሕፃን ትንፋሹ ወጣ ገባ ስለሆነ ያሳስታል። በእሱ ዕድሜ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም ፈዞ ከተኛ ሌሊትም ቢሆን አትጠብቁ።

ምላሽ 3 (ፊዚዮቴራፒስት)

መድኃኒቱ ግማሹን ነው የሚሠራው። የቀጠነውን አክታ ጉልበት ሳይጨርሱ ማውጣት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን እስኪደክመው በተከታታይ ይስላል፣ ቱቦው ይጠባል፣ አክታውም እዚያው ይቀራል።

እናትሽ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ እግራቸውን መሬት አስረግጠው ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይቀመጡ። አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው 5 ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ። ቀጥሎ በአፍንጫ በጥልቀት ስበው 3 ሴኮንድ ይያዙ፣ ሳያስገድዱ ይልቀቁት፤ ይህን 3 ጊዜ። ትንሽ ያርፉ። ከዚያ መካከለኛ ትንፋሽ ወስደው፣ አፋቸውን በደንብ ከፍተው፣ መስተዋት በትንፋሽ እንደሚያደበዝዝ ሰው "ሃ..." ብለው ረዘም አድርገው ያውጡ። ጉሮሮ አይዘጋም፤ ድምፁ ከደረት የሚወጣ የአየር ድምፅ ብቻ ነው። 2 ጊዜ እንዲህ ካሉ በኋላ ኩርር የሚለው ወደ ላይ እንደወጣ ይሰማቸዋል፤ ያኔ በረጅሙ ስበው አጠር ያለ ጠንካራ "ሃ!"፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ሳል። አክታውን ነጭ ሶፍት ላይ ይትፉት፤ ቀለሙን እዩትና ጣሉት። እንደገና ከመጀመሪያው። ሁሉም ከ15 ደቂቃ አይለፍ፤ ካዞራቸው ያቁሙ።

ምርጡ ሰዓት ጠዋት ትኩስ ነገር ከጠጡ በኋላ ነው። ምግብ እንደበሉ አይደረግም፤ ያስመልሳል። "ሃ" ሲሉ ደረታቸው ፉጨት ካሰማ በጣም አጥብቀውታል ማለት ነውና ቀለል ያድርጉት።

በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚታጠኑ ከሆነ የፈላውን ድስት ጭናቸው ላይ አያስቀምጡ፤ ብዙ ቃጠሎ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጢስን ደግሞ አትናቁት። በር ተዘግቶ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣን እየጤሰ ቡና ከተፈላ፣ መድኃኒቱ ያቀጠነውን ጢሱ መልሶ ያበዛዋል። ዘመናቸውን ሁሉ በእንጨት ጢስ እንጀራ የጋገሩ እናቶች ሲጋራ ሳይነኩ እንደ አጫሽ ሳንባቸው የሚጎዳው በዚሁ ነው። ሰሞኑን ምድጃው ውጭ ይሁን።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዴክስትሮሜቶርፋኑን አንስቼዋለሁ፤ ብሮምሄክሲኑን ብቻ እሰጣታለሁ። አንድ ነገር ግን አሁን ስጠይቃት ነው የነገረችኝ፤ 9 ቀን ያልኩት ከባሰባት ወዲህ ነው። ሳሉ ከጀመራት 3 ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት ሌሊትም ያልባታል፤ ቀሚሷም ሰፍቷታል።

ምላሽ 4 (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ይህ ነገሩን ይለውጠዋል። ከጉንፋን የተነሣ የደረት ሳል እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በአገራችን ግን 2 ሳምንት የሞላው ሳል ሁሉ ለቲቢ ይመረመራል። የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ሲታከልበት ለነገ አይባልም። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ነው። እስከዚያ መስኮት ክፈቱ፤ ሕፃኑ ከሳቸው ጋር አይተኛ።

ብሮምሄክሲኑ ምርመራውን አያበላሸውም፤ ላቦራቶሪ ራሱ አክታውን ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለማየት) ሲያዘጋጅ የሚያቀጥነው በአሴቲልሲስቴይን ነው። የሚያበላሸው በግምት የሚጀመር አንቲባዮቲክ ነው፤ በተለይ እነ ሌቮፍሎክሳሲን ቲቢውን ለጥቂት ሳምንት ያዳክሙትና ውጤቱን ይሸፍኑታል። ማንም በሽያጭ እንዳይሰጣችሁ።

ነገን ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ አክታ ላይ ደም፣ ቁጭ ብለው በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የከንፈር መጥቆር፣ የንግግር መዘባረቅ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥራቸው፣ እግራቸው የሚያብጥና አረፋ መሳይ ሮዝ አክታ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ልብ ነው የሚታየው፤ ግፊት ላለባቸው ሰው ይህ የተለመደ ነው፤ አቅጣኝ መድኃኒት እዚያ ላይ ምንም አያደርግም።

ናሙናውን በደንብ ስጡ፤ ብዙ ጊዜ ምራቅ እየመጣ ምርመራው ይደገማል። እናትሽ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ አፋቸውን በንጹሕ ውኃ ይጉመጥመጡ። ከሰው ራቅ ብለው ደጅ ላይ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ እንዳሳየው "ሃ" ብለው ከደረት የወጣውን ጤና ጣቢያው በሚሰጣቸው ዕቃ ይትፉ። ወፍራም፣ ዝልግልግ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ነጭ አረፋ ያለው ውኃ ከሆነ ምራቅ ነውና እንደገና ይሞክሩ። ስማቸው ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ፣ ፀሐይ አይንካው፣ በዚያው ቀን ይድረስ።