ለ14 ዓመት ልጅ የትኛው ይሻላል፦ «ሬድ ኩዊን» ወይስ «ዘ ክሩዌል ፕሪንስ»?

አክስትዬው፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ ንጉሥ፣ ልዑልና አስማት የሌለበት ልብወለድ አላነብም ብላለች። ሁለቱን ጠቁመውኛል፣ ኪሴ የሚችለው ግን አንዱን ነው። የቱን ልግዛላት? ያለሁት አዲስ አበባ ነው።

ቀይ ሻይ፦ «ሬድ ኩዊን»! ምን ጥያቄ አለው። ደማቸው ብርማ የሆኑት ልዩ ኃይል አላቸውና ይገዛሉ፣ ቀዮቹ ይገዛሉ... ማለቴ ይረገጣሉ። ሜር የምትባል የ17 ዓመት ኪስ አውላቂ፣ ደሟ ቀይ ሆኖ መብረቅ ታዛለች። ጉዱ እንዳይወጣ ቤተ መንግሥቱ የጠፋች የመኳንንት ልጅ ናት ብሎ ለታናሹ ልዑል ያጫታል። አጀማመሩ ልብ ይሰቅላል። ድክመቱ ሜር ራሷ ናት፤ ማንንም እንዳታምን እየተነገራት ሁሉን ታምናለች።

ገጽ ጎደለ፦ እኔን ያናደደኝ መጽሐፉ ሳይሆን የሸጠኝ ሰው ነው። ኦሪጅናል ነው ብሎኝ ኮፒ ሆኖ ተገኘ። መሀል ላይ ገጾች የሉም፤ ሜር ልትያዝ ስትል ድንገት ሌላ ምዕራፍ። ልመልስ ብሄድ «አንብበሽ ጨርሰሽ ነው የመጣሽው» አይለኝም!

ሰላማዊት ነኝ፦ የት ነው ሱቁ? እንዳንገባበት።

ገጽ ጎደለ፦ ስም አልጠራም። ቦሌ ነው ብቻ።

የድሮ አንባቢ፦ እኔ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለውን ደንበኛዬን በማንም አልለውጥም። እሱም ኮፒ ይሸጣል፣ አልዋሽም። ግን ገጽ ከጎደለ ምን እንደነበረበት በቃሉ ይነግርሻል።

ጎንደሬው፦ ለዙፋን ሽኩቻ ምን ውጭ አገር አስኬዳችሁ? ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ እንደ ሸሚዝ ሲቀያይር የነበረበትን ዘመን ስጧት። መብረቅ የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ አለ።

ሰላማዊት ነኝ፦ ጋሼ፣ ልጅቷ አስማት ነው ያለችው።

ማታ አነባለሁ፦ ወደ ጥያቄው እንመለስ እስቲ። «ዘ ክሩዌል ፕሪንስ» ላይ ጁድ ሰው ናት፤ ወላጆቿን የገደለው የጦር አዛዥ ፌሪ በሚባሉት ውብና ክፉ ፍጡራን ዘንድ ያሳድጋታል። ፌሪዎች መዋሸት አይችሉም፣ እሷ ትችላለች፤ ሴራው ሁሉ የሚጣፍጠው በዚህች ነው። መጀመሪያው ግን ይጎተታል፣ ጭካኔውም ለ14 ዓመት ልጅ ከበድ ይላል፤ ልዑሉና ጓደኞቹ ጁድ ላይ የሚያደርሱትን አንቺ ቀድመሽ ብታዪው ጥሩ ነው። ስለ ኪስ ካነሳሽ ደግሞ፣ «ሬድ ኩዊን» ከ2015 እስከ 2018 የወጡ አራት መጻሕፍት ነው፣ ይሄኛው ሦስት። ሁለቱም አንደኛው ላይ አያልቁም፤ ልጅቷ ቀጣዩን አምጪ ማለቷ አይቀርም። ስትገዢ ሱቁ ውስጥ ቆመሽ ገጾቹን ገልብጪ፣ ቁጥሩ መከታተሉን እዪ። ኮፒ ከሆነ ፊደሉ ጠርዝ ላይ ይደበዝዛል።

ገጽ ጎደለ፦ ይሄን ምክር ያኔ የት ነበርሽ።

ቀይ ሻይ፦ ለማንኛውም «ሬድ ኩዊን» ይበልጣል። «ዘ ክሩዌል ፕሪንስ»ን አላነበብኩትም፣ ግን ይበልጣል።

አክስትዬው፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያ ብሔራዊ ያለው ሰውዬ እሁድ ይከፍታል?