አባቴ የግፊት ኪኒኑን አቆመ፣ ምን ላድርግ?

ደሴ ነን፣ ሆጤ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለጥርሱ ሄዶ ግፊቱ ሲለካ 160 በ100 ወጣ። ኪኒን ታዘዘለት፣ ሦስት ሳምንት ዋጠና «ምኔን አሞኝ ነው» ብሎ ተወው። አሁን ቡፌው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል። ሲጋራ ያጨሳል፣ ከሰዓት ጫትም አለ። ልቡ ላይ ይመጣል?

— አብሽሪ እህቴ፣ ግን ቶሎ በይ። እኔ ኮምቦልቻ ነርስ ነኝ። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፣ ክፋቱም እሱ ነው። ዝም ብሎ የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ስብ ይለጠፋል፣ መንገዱ ይጠባል፣ ሲጋራው ደግሞ ደሙ እንዲረጋ ያግዘዋል። ሲዘጋ ልብ ላይ ሃርት አታክ፣ ጭንቅላት ላይ ስትሮክ ነው። ጫትም ግፊት ይጨምራል። ኪኒኑን ያለ ሐኪም አያቁም በቃ።

— የኛ ቤት ጉድ ጨው ነበር። ወጡ ላይ ጨው፣ ቡናው ላይ ጨው፣ ወሎዬ አይደለን! የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፣ ይኸውም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እማዬ ይህን ስትሰማ ሳቀችብኝ።

— እግር ጉዞም አስጀምሪው፣ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ። ጦሳ ተራራን ግን አሁኑኑ አታስወጪው 😄 ሜዳ ሜዳውን ይበቃዋል። ደረቱን ካፈነው ወይ አፉ ከተጣመመ ወዲያው ሆስፒታል፣ «ብርድ ነው» እያላችሁ እንዳትጠብቁ።

— እሺ፣ ነገ ጠዋት ይዤው እሄዳለሁ። ቡናውን በጨው መተውስ እንዴት አድርጌ ልንገረው?