ካያክ ላይ የሚያዝ የእጅ ሬዲዮ የቱ ይሻላል?

የጣና ልጅ (ሜሪላንድ)
ሰላም ወገኖች። ካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄደውን ጠባብ ጀልባ) ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ብዙ ጊዜ ከሳንዲ ፖይንት ተነሥቼ የቤይ ብሪጅ ምሰሶዎች አጠገብ ስትራይፕድ ባስ አጠምዳለሁ፤ እዚህ ሮክፊሽ የሚሉትን ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ነፋስ ድንገት ተነሣብኝና ዳር ለመድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስልኬ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ነበር፤ ጣቴ ስለረጠበ ግን ስክሪኑ አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ "ሬዲዮ ሳትይዝ ሁለተኛ አትወጣም" ብላለች።

አንድ ጓደኛዬ የ30 ዶላር ሬዲዮ ይበቃሃል ይለኛል። እውነት ነው? ፈቃድስ ያስፈልጋል? ምን ያህልስ ርቀት ይሰማል? ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር፤ ስደነግጥ እንኳን እንግሊዝኛው አማርኛውም ይጠፋኛል። ኮስት ጋርዶቹ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ) ባይገባቸውስ?

ገመድ ጣይ (አናፖሊስ)
ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ተመለስክ። የ30 ዶላሩን ተወው። እኔም ነበረኝ፤ መጀመሪያ ውሃ የረጨው ቀን ሞተ። እነዚህ ለየብስ የተሠሩ ናቸው፤ በባሕር ቻናሎች ላይ እንዲናገሩም አልተፈቀደላቸውም።

የምትፈልገው የባሕር ቪኤችኤፍ፣ ማለትም ለጀልባ የተሠራ ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ የሚንሳፈፍ መሆኑን እይ። ውሃ የማያስገባ ሁሉ አይንሳፈፍም። "አይፒኤክስ 7" ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ውሃው ሥር ቁጭ ብሎ ውስጡ ቢደርቅ ምን ይጠቅምሃል? ቀጥሎ ጂፒኤስና ዲኤስሲ (በአንድ ቁልፍ የጭንቅ ጥሪ የሚልክ) ያለውን ፈልግ። የእኔ ስታንዳርድ ሆራይዘን ኤችኤክስ 890 ነው። 6 ዋት ነው፣ ይንሳፈፋል፣ ሁለቱም አሉት። ግዙፍ ነው ግን፤ ደረት ላይ ይከብዳል።

ፈቃድ አያስፈልግህም። በአሜሪካ ውሃ ላይ ለትናንሽ የመዝናኛ ጀልባዎች የሬዲዮ ፈቃድ ግዴታ በ1996 ቀርቷል።

ኪሴ ቀጭን
እኔ 100 ዶላር አካባቢ የሆነ፣ ጂፒኤስ የሌለው ተንሳፋፊ ይዤ አምስት ዓመት ሠራሁ። ቻናል 16ን፣ የጭንቅ ጥሪውን ቻናል፣ ያዳምጣል፣ ይናገርበታል። ሌላ ምን ያደርጋል?

የሲያትሏ
ኪሴ ቀጭን፣ አንተ ስትደነግጥ አፍህ አይያዝም ይሆናል። ጠያቂው ግን ይያዛል፤ እኔም እያዛለሁ። ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ዲኤስሲ ገንዘቡ ይገባዋል።

ቀይ ቁልፍ አለው። ክዳኑን ከፍተህ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ትይዘዋለህ። ያኔ ሬዲዮው በቻናል 70 ማንነትህንና ያለህበትን ቦታ ራሱ ይልካል። አንድ ቃል አልተነፈስክም። ይህ እንዲሆን ግን ኤምኤምኤስአይ የሚባል፣ የሬዲዮህ መታወቂያ የሆነ ባለ 9 አሃዝ ቁጥር አስቀድመህ ተመዝግበህ አውጣ። ስታስገባው ሁለት ሦስቴ አመሳክር፤ ብዙ ሬዲዮ አንዴ ከገባ በኋላ እንድትቀይረው አይፈቅድም።

ከቁልፉ በኋላ በ16 ትናገራለህ። እኔ ሬዲዮዬ ጀርባ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ለጥፌያለሁ። መጀመሪያ ሜይዴይ (የድረሱልኝ ጥሪው ቃል) ሦስት ጊዜ። ከዚያ የካያኩ ስም፣ የት እንዳለሁ፣ ምን እንደገጠመኝ፣ ስንት ሰው እንደሆንን፣ የካያኩ ቀለም። ከዚያ ጣትህን ከመናገሪያው ቁልፍ አንሣ! እሱን ይዘህ ከቀረህ የሚመልሱልህን አትሰማም። ሬዲዮውን አጥፍቼ ወጥ ቤት ውስጥ እለማመዳለሁ። ልጆቼ "ማሚ፣ ዛሬ ማን ሰጠመ?" ይሉኛል። አክሰንቱን ተወው፤ ካልገባቸው ይጠይቁሃል።

ወደ ካናዳ የሚሻገር ካለ ግን ፈቃድም ሌላ ቁጥርም ያስፈልገዋል።

ሽማግሌው አጥማጅ (ኖርፎክ)
ልጄ፣ ነፋሱ "ድንገት" ተነሣ አልክ። ድንገት የሆነው ለአንተ ነው። ሬዲዮው የአየር ሁኔታ ቻናሎች አሉት፤ ትንበያው ቀንና ሌሊት ይነገራል። መኪናህን እያራገፍክ አዳምጠው። "ስሞል ክራፍት አድቫይዘሪ" የሚል፣ የትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከሰማህ ካያኩን መልሰህ ጫን። እኔን ከቀዩ ቁልፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ ያዳነኝ ይሄ ነው።

ስለ ርቀቱ፣ በዋቱ አትታለል። የቪኤችኤፍ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የምድር ክብነት ይጋርደዋል። ካያክ ላይ ቁጭ ስትል አንቴናህ ከውሃው 1 ሜትር ቢርቅ ነው። ከሌላ ካያክ ጋር ከሆነ ከ3 እስከ 5 ማይል ነው። የኮስት ጋርድ አንቴና ረጅም ማማ ላይ ስለሆነ ከዚያ ከሚበልጥ ርቀት ይሰማሃል። ስትናገር ሬዲዮውን ቀጥ አድርገህ ከፍ አድርገው። ከጓደኛህ ጋር ለማውራት ቻናል 68 ወይም 72 ላይ በ1 ዋት ይበቃል፤ ባትሪህም ይቆጥባል።

ደግሞ ሬዲዮው ላይፍ ጃኬትህ ላይ ይሁን። ካያኩ ላይ ካሰርከውና ከተገለበጥክ፣ ነፋስ ካያኩን ሲወስደው ሬዲዮውም አብሮ ይሄዳል። ወደ ባልቲሞር የሚሄዱት መርከቦች በዚያው ድልድይ ሥር ነው የሚያልፉት። በቻናል 13 ሲነጋገሩ አዳምጥና ቀድመህ ከመንገዳቸው ውጣ።

የጣና ልጅ
ጋሼ፣ የዚያን ቀን ትንበያ ዞር ብዬ አየሁት። ማስጠንቀቂያ ነበረው። አፈርኩ።

ተንሳፋፊውን ከነዲኤስሲው ገዛሁ። የካያኩን ስም "ታንኳ" አልኩት። የእንግሊዝኛ ፊደሉን (TANKWA) በሬዲዮ ሲጠሩት ታንጎ፣ አልፋ፣ ኖቬምበር፣ ኪሎ፣ ዊስኪ፣ አልፋ ይሆናል። ዊስኪው ላይ ስደርስ ባለቤቴ ሳቀችብኝ። መሥራቱን ለማረጋገጥ 16 ላይ ልጥራ?

ገመድ ጣይ
16 ላይ አይደለም! 9 ላይ "ሬዲዮ ቼክ" በል፤ የሰማ ይመልስልሃል። ቀዩን ቁልፍ ደግሞ ለሙከራ እንዳትነካው። የሐሰት የጭንቅ ጥሪ እዚህ አገር ያሳስራል።

የጣና ልጅ
ቅዳሜ ሞከርኩት። አንድ ሰው "በደንብ ትሰማለህ፣ ካፒቴን" አለኝ። ካፒቴን! ስመለስ ጨው እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ አጥቤ ቻርጀር ላይ ሰካሁት።

የሲያትሏ
እዚያው ረስተኸው እንዳትወጣ። እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።