ስትራቴጂክ ዕቅድና ቢዝነስ ፕላን ለየብቻ አምጡ ተባልን፤ ልዩነታቸው የቱ ላይ ነው?

አዲሱ ዕቅድ ባለሙያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራበት ድርጅት ፎቶ ኮፒና ፕሪንተር ይሸጣል፣ ይጠግናል። ወደ ዕቅድ ክፍል ከተዛወርኩ ብዙም አልቆየሁም። ቦርዱ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድና ቢዝነስ ፕላን ለየብቻ ይቅረብልኝ ብሏል። የቀድሞዎቹን ሰነዶች አውጥቼ ሳያቸው ሁለቱም በራዕይና ተልዕኮ ይጀምራሉ፣ ሁለቱም ስዎት (የጥንካሬ፣ የድክመት፣ የዕድልና የስጋት) ትንተና አላቸው፣ ሁለቱም በሠንጠረዥ ያልቃሉ። ሽፋናቸው ቢቀያየር የሚነቃ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው?

ሂሳብ ሹም፦
በአጭሩ፣ ስትራቴጂክ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይይዛል፤ ለቦርድና ለማኔጅመንት ነው። ቢዝነስ ፕላን ደግሞ ባንክ ወይም ባለሀብት የሚጠይቀው ነው፤ የሽያጭ ትንበያ፣ ካሽ ፍሎው (የገቢና የወጪ ገንዘብ ፍሰት)፣ ብሬክ ኢቨን (ገቢ ወጪን የሚሸፍንበት ነጥብ) የግድ ይኖሩታል። ቁጥሩ ካልተሟላ ቢዝነስ ፕላን አትበለው።

የድሮ ፕላነር፦
ሂሳብ ሹም ያሉት ትክክል ነው። ግን ወንድሜ፣ የዓመታቱን ብዛት ብቻ ይዘህ ከተነሳህ አንተም መንታ ሰነድ ነው የምታመጣው።

እኔ ስትራቴጂክ ዕቅድ ሲመጣልኝ ራዕዩን ዘልዬ አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ ምን ላለመሥራት ተወሰነ? «በላቀ አገልግሎት ተመራጭ ድርጅት መሆን» የሚል ካገኘሁ ተቃራኒውን አስባለሁ። በወረደ አገልግሎት የተጠላ ድርጅት መሆን የሚመርጥ አለ? የለም። እንግዲያው ዓረፍተ ነገሩ ምርጫ አልያዘም፣ ጌጥ ነው። (የቦርድ አባላት ይህን ጌጥ ለምን እንደሚወዱት ዛሬም አይገባኝም።)

የእናንተን እንውሰድ። «ከማሽን ሽያጭ ይልቅ በጥገና ኮንትራት እንኑር፣ አንድ ማሽን ብቻ ያለውን ደንበኛ እንተው» ብትሉ ይህ ስትራቴጂ ነው። ተቃራኒውም ያስኬዳልና፤ ሌላ ድርጅት በሽያጭ ብቻ ሊከብር ይችላል። ቢዝነስ ፕላኑ ይህን ውሳኔ ተቀብሎ ያፋጥጠዋል። አንድ ቴክኒሻን 40 ማሽን ይችላል ብንል፣ 600 ማሽን ለመያዝ 15 ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ማን ይቀጥራቸዋል? መለዋወጫው ስንት ወር በስቶር ይቀመጣል? ከሁሉ በላይ፣ ደሞዝ በየወሩ ይወጣል፣ የኮንትራቱ ክፍያ ግን በዓመቱ መጨረሻ ከገባ በወረቀት ላይ አትራፊ ሆናችሁ ካዝናው ባዶ ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ቺፕ አምራች ኢንቴል በ1985 እ.ኤ.አ. ዲራም የሚባለውን የሜሞሪ ቺፕ ትቶ ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተር አንጎል የሚባለው ቺፕ) ላይ ለማተኮር ወሰነ። የጃፓን አምራቾች የሜሞሪውን ዋጋ አውርደውት ነበር። የሜሞሪ ክፍሉ የቱንም ያህል ጥሩ ቢዝነስ ፕላን ቢያዘጋጅ «ስንት እንሸጣለን?» ነው የሚለው፤ «ከናካቴው እዚህ ገበያ ውስጥ ምን እንሠራለን?» አይልም። የሚገርመው ሌላ ነው። የፋብሪካው አቅም የሚደለደለው በትርፍ ህዳግ ስለነበር፣ ከላይ ውሳኔው ሳይወጣ አቅሙ ቀስ በቀስ ወደ ማይክሮፕሮሰሰር ሄዷል። ተራ የሚመስል የድልድል ደንብ ስትራቴጂውን ቀድሞት ነበር። ስለዚህ የበጀት ሠንጠረዥህን ስታይ የወረቀቱን ስትራቴጂ ከገንዘቡ ጉዞ ጋር አስተያየው።

አዲስ የሚቋቋም ድርጅት ከሆነ ለየብቻ መጻፉ ድካም ነው፤ ቢዝነስ ፕላኑ ውስጥ ሁሉም ይገባል።

ሂሳብ ሹም፦
በካሽ ፍሎው ነጥብ እስማማለሁ። «ስትራቴጂ ይቅደም፣ ቁጥር ይከተል» ለሚሉት ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ እምቢ ካለ ስትራቴጂው ተመልሶ መከፈት አለበት። ብዙ ቦታ ይህ አይደረግም፤ ቦርድ ያጸደቀው ነው ተብሎ የሽያጭ ትንበያው ይለጠጣል።

አዲሱ ዕቅድ ባለሙያ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ያሉትን ሞከርኩት። የኮንትራት ክፍያው በየሩብ ዓመቱ አስቀድሞ ይከፈል ብዬ ሳስገባ፣ በመጀመሪያው ዓመት የነበረው ጉድለት በጣም ጠበበ። የተቸገርኩት ግን ትናንሽ ደንበኞችን መተው በሚለው ነው። የሽያጭ ኃላፊው «የእኔ ኮሚሽን ከእነሱ ነው» ብለው አይሰሙኝም። ግማሹን ደንበኛ ብቻ እንተው ብዬ ላስታርቀው?

የድሮ ፕላነር፦
አታስታርቀው፤ ያንተ ሥልጣን አይደለም። ግማሹን ትተህ በኤክሴል ከሸሸግከው ውሳኔውን ያለ ቦርድ ወሰንከው ማለት ነው። የስትራቴጂው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ከእያንዳንዱ ስር ስንት ቴክኒሻን እንደሚፈልግና ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚያጥር ጻፍ። የኮሚሽኑ ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ሰውዬው በማሽን ሽያጭ እየተከፈላቸው ኮንትራት ያመጣሉ ብለህ አትጠብቅ፤ ኮሚሽኑ በኮንትራት ቢሰላ ወጪው ምን እንደሚሆን ቢዝነስ ፕላኑ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ስጠው። ከስብሰባው በፊትም ለእሳቸው አሳያቸው።