ግሊቬክ እየወሰድኩ ሌሊት ባቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ የነቃችሁ ቶሎ መልሱልኝ

ሰብለ የአዳማዋ (ጠያቂ)
እባካችሁ የነቃ ሰው ካለ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ከአልጋ ወርጄ ግድግዳ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀኝ ባቴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ እሱ ሲለቀኝ ግራውን። የእግሬ ጣቶች ወደ ታች ተቆልምመው አንመለስም ብለዋል፣ ጡንቻው ሲነካ ድንጋይ ነው። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለብኝ፣ ለሱ ግሊቬክ 400 ሚሊግራም ነው የምወስደው። ደምሽ ጥሩ ነው ተብያለሁ። ቀጠሮዬ ገና ሩቅ ነው፣ እስከዛ እንዲህ እያደርኩ አልችልም። ኪኒኑን ለጥቂት ቀን ላቁመው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

የሌሊት ተረኛ
እህቴ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ጉልበትሽን ዘርጊው። ነጠላሽን ከውስጥ እግርሽ ስር አሳልፊና ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ። በኃይል አትመንጭቂው፣ ቀስ እያልሽ ሳቢና እስኪለቅሽ ያዢው። ከዛ ባትሽን እሺው፣ ሙቅ ውኃ ካለሽ ፎጣ ነክረሽ አድርጊበት። ኪኒኑን ግን ማንንም ሳትጠይቂ እንዳታቆሚ!

ቶሎሳ
ሙዝ ብዪ። ፖታሲየም ሲያንስ ነው።

መምህሩ
ነገሩን ከሥሩ ብናየው ጥሩ ነው። ሲኤምኤል የሚመጣው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ሲለዋወጡ ነው። ለውጡ በ1960 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ስለተገኘ ፊላደልፊያ ክሮሞሶም ይሉታል። ከዚያ የሚወጣው ፕሮቲን መቅኒውን ያለማቋረጥ ነጭ የደም ሴል እንዲያመርት ያደርገዋል፣ ጣፊያም የሚያብጠው በዚሁ ጦስ ነው። ግሊቬክ፣ በሌላ ስሙ ኢማቲኒብ፣ ያንን ፕሮቲን ይዘጋዋል። በ2001 እ.ኤ.አ. ከተፈቀደ ወዲህ ሰው ኪኒኑን በአግባቡ እየወሰደ ሥራውን እየሠራ፣ ልጆቹን እያሳደገ የሚኖርበት በሽታ ሆኗል። ስለዚህ ላቁመው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል፦ ኪኒኑ ሲቆም በሩ ተመልሶ ይከፈታል።

አቤል
መምህር እግዜር ይስጥልን፣ ግን ልጅቷ እኮ ግድግዳ ይዛ ነው የምታነበው ሃሃ። እህቴ አይዞሽ፣ ይለቅሻል።

ወለተ ማርያም
እኔ ኪኒኑን ተዪና ጸበል ሂጂ ነው የምልሽ። የአክስቴ ልጅ ሰባት ቀን ተጠምቃ እግሯን ለቋታል።

የሌሊት ተረኛ
ወለተ ማርያም፣ ጸበሉን ማንም አልከለከላትም። ትጠመቅ፣ ኪኒኗንም ትዋጥ። አንዱ ሌላውን አይሽርም፣ ይህንን አባቶችም የሚሉት ነው። እባክሽ መድኃኒት ተዪ አትበያት።

ዮኒ ቨርጂኒያ
እኛ ጋ ለዚህ ቶኒክ ዋተር ነው የሚጠጡት፣ ኩዊኒን የሚባለው የወባ መድኃኒት አለበት። አገር ቤት ደግሞ የወባ ኪኒኑን ከፋርማሲ ማግኘት ትችያለሽ፣ ማታ አንድ ፍሬ ብቻ።

ፋርማሲስቷ
ዮኒ ይቅርታ፣ ይህንን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ኩዊኒን ለእግር መኮማተር እንዳይወሰድ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ራሱ በ2006 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ፕላትሌትን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ሴሎች፣ በድንገት ሊጥል ይችላል፣ የልብ ምትም ያዛባል። ሲኤምኤል ያለበት ሰው ደግሞ ግሊቬኩ ራሱ ፕላትሌቱን ሊቀንስበት ይችላል። ቶኒክ ዋተሩም ያው ነው፣ መጠኑ አነሰ እንጂ። ሰብለ፣ የወባ መድኃኒት ለእግርሽ እንዳትገዢ። የፖታሲየም ኪኒንም ሳትመረመሪ አትጀምሪ፣ ሲበዛ ልብን ያቆማል። ግሬፕ ፍሩትም ይቅርብሽ፣ ግሊቬክን ደም ውስጥ ያበዛዋል።

ካሳ
ሁላችሁም ክራምፕ (የጡንቻ መኮማተር) ነው ብላችሁ ተነሳችሁ። በምን አወቃችሁ? የደም በሽታ ያለበት ሰው እግሩን ሲያመው እኔ መጀመሪያ የማስበው የረጋ ደም ነው። እህቴ፣ አንዱ እግርሽ ብቻ አብጧል? ቀልቷል? ሲዳሰስ ይሞቃል? ሕመሙ ቀንም አይለቅሽም? ከነዚህ አንዱ ካለ ነጠላውን ጣይና አሁኑኑ ሆስፒታል። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽማ መጠበቅ የለም።

ሰብለ የአዳማዋ (ጠያቂ)
አላበጠም፣ አልቀላም። ሁለቱም እግሬ ነው፣ እየተፈራረቀ፣ ሌሊት ሌሊት ብቻ። ነጠላው ለቀቅ አደረገኝ፣ እግዜር ይስጥሽ ተረኛዋ። አሁን ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከጥቁር አንበሳ
እኔም የምታከመው ጥቁር አንበሳ ነው፣ ግሊቬኩን ማክስ ፋውንዴሽን በሚባል የእርዳታ ድርጅት በኩል በነጻ ነው የማገኘው። እዛ ወረፋ ስንጠብቅ የሁላችንም ወሬ ይኸው ነው፣ ባት፣ የእግር ጣት፣ አንዳንዱን እጁን። ከኪኒኑ ነው፣ የታወቀ ነገር ነው፣ በሽታው ተነሳ ማለት አይደለም። ግን ያልነገርሽን ነገር አለ መሰለኝ። ዓይንሽ ስር ያብጣል? ለእብጠቱ ላዚክስ፣ የሚያሸናውን ኪኒን፣ ሰጥተውሻል?

ሰብለ የአዳማዋ (ጠያቂ)
አዎ፣ ጠዋት ስነሳ ፊቴ ስለሚያብጥ ላዚክስ እወስዳለሁ። እሱን ምን አመጣው? ደሞ ጾም ላይ ነኝ፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ግሊቬኩን ያኔ ከምግብ ጋር ነው የምወስደው።

ከጥቁር አንበሳ
በቃ ተገኘ። ላዚክስ ውኃውን ሲያሸናሽ ፖታሲየሙንና ማግኒዚየሙን አብሮ ይዞት ይወጣል። አንቺ ደግሞ ጠዋት ላዚክስ ውጠሽ እስከ 9 ሰዓት ጠብ አታደርጊም። ግሊቬኩ ራሱ ፎስፌት ይቀንሳል። ታዲያ ሌሊት ባትሽ ምን ይሁን? ነገ እዛው አዳማ ደም ስጪ። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፌት፣ የኩላሊት ምርመራም አብሮ ይታይ። ሲኤምኤል የሚከታተልሽን ሐኪም ደውለሽ ላዚክሱ ይቀነስ ወይ በዪው፣ ራስሽ አትቀንሺ። ጾሙን ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፣ ለታመመ ሰው ያቀሉታል። ግሊቬክ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፣ ከዚያም በኋላ ውኃ በደንብ ጠጪ። ስለማቆም ያልሽውን ግን እርሺው። አብረን የጀመርን ልጅ ደህና ነኝ ብሎ ተወው፣ ነጭ የደም ሴሉ እንደገና ሲበዛ ያየነውን አልረሳውም። ሕመሙ ከበዛ መጠን መቀነስም ሆነ ወደ ሌላ ኪኒን መዞር አለ፣ እሱ ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ቶሎሳ
አልኩ እኮ ሙዝ።

ፋርማሲስቷ
ሙዙን ትብላ፣ ድንችና ምስርም ጥሩ ነው። ግን ላዚክስ እያሸናት በሙዝ ብቻ አይሞላም፣ ቁጥሩ መታየት አለበት። ማግኒዚየም ካዘዙልሽ ሆድሽን ሊያላላው ይችላል፣ እንዳትደነግጪ።

የሌሊት ተረኛ
አንድ ልጨምር። ከመተኛትሽ በፊት ከግድግዳ ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ ተረከዝሽን ከወለል ሳታነሺ እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርገሽ ወደፊት ዘንበል በይ፣ ባትሽ ሲሳብ ይሰማሻል። ማታ ማታ ልማድ አድርጊው። ብርድ ልብሱንም እግርጌ ፍራሹ ስር አትወሽቂው። ጣትሽን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ባትሽም እንደዛ ታጥፎ ሲያድር ነው የሚያዘው። ለቀቅ አድርጊው።

ሰብለ የአዳማዋ (ጠያቂ)
እሺ። ኪኒኑን አላቆምም። ሲነጋ ላብራቶሪ እሄዳለሁ፣ ለሐኪሙም እደውላለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ ሁላችሁንም።

ካሳ
ሰብለ፣ ፖታሲየምሽ ስንት ወጣ?

ከጥቁር አንበሳ
ምነው ጠፋሽ? ውጤቱን ንገሪን፣ ላዚክሱን ምን አሉሽ?

እናት የጅማዋ
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ወንድሜ በዚሁ ኪኒን ላይ ነው፣ እሱን ግን እጁን ነው የሚይዘው፣ ብዕር ይዞ ሲጽፍ ጣቶቹ ይጣበቃሉ። ላዚክስ አይወስድም። ያው ነው?

ከጥቁር አንበሳ
ያው ነው፣ እጅንም ይይዛል። ጣቶቹን በሌላው እጁ ወደ ኋላ ይዘርጋቸው። ላዚክስ ባይወስድም ያንኑ የደም ምርመራ ያስደርግ፣ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት ካለም ለሐኪሙ አንድ በአንድ ይንገር፣ የኮሌስትሮል ኪኒንም ቢሆን።